ናፍጣ፣ ቱርቦና የሱሉልታ ዳገት

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወርደውን የጎጃም መንገድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ዘወትር አንድ ትዕይንት እንመለከታለን። ጭነት የከበደው የጭነት መኪና በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ዳገቱን ይያያዘዋል፤ ከማርሚታው የሚወጣውም ጥቁር ጭስ ከኋላው የሚከተሉትን ሁሉ ያለብሳቸዋል። መኪናው አርጅቷል፣ ጭነቱም በዝቷል ብለን እናልፈዋለን። አልፎ አልፎ ግን አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋው ውድ፣ ጭነት የሌለው የናፍጣ አውቶሞቢል ከጭነት መኪናው ኋላ ብቅ ይላል። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጠው መኪናው ተፈትልኮ ያልፋል፤ ከእርሱም ኋላ ከጭነት መኪናው የማይተናነስ ጥቁር ደመና በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። አዲስ የሚመስል፣ ጉልበት የተረፈው ሞተር ለምን ይጨሳል?

የብዙዎቹ ምሥጢር ሞተሩ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ጉልበቱ እንዲጎለብት ተነካክቶ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሞተር በእኛ ከፍታ ላይ ምን እንደሚገጥመው ለማስረዳት እንሞክራለን። ርዕሱ የባለጸጎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጭሱን የሚተነፍሰው መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን በመንገዱ ዳር የሚሄደው በመሆኑ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

አስቀድመን ስለ አየሩ እንነጋገር። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ አዲስ አበባን ከበው የቆዩ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። ሰበታ እንደ አዲስ አበባ ዝቅተኛ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ከሰበታና ከቡራዩ መካከል የቆመው የወጨጫ ተራራ ከ3300 ሜትር ያልፋል፤ የእንጦጦ ሰንሰለትም ከ3000 ሜትር በላይ የሚደርሱ ጫፎች አሉት። በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በ2350 ሜትር ወደ 76፣ በ2600 ሜትር ወደ 74፣ በ3000 ሜትር ወደ 70 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ በሰበታ አንድ ሊትር አየር ወደ ውስጥ ስንስብ የምናገኘው የኦክስጅን መጠን የምጽዋ ወይም የጅቡቲ ነዋሪ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ ስንወጣ የምናልፈው ሰፈር «አየር ጤና» መባሉ ለጤናማነቱ እንጂ ለብዛቱ አይደለም ማለት ነው!

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ወደ ጎጃም ሲጓዝ ባዶ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ በሱሉልታ ላይ ከፍቶ መልሶ አጥብቆ ይክደነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ አባይ ድልድይ ሲደርስ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማድዶ ያገኘዋል። በአባይ በረሃ፣ 1000 ሜትር ገደማ ላይ፣ የውጪው ግፊት ወደ 90 ኪሎፓስካል ስለሚጠጋ ጠርሙሱ ውስጥ የታሰረው የሱሉልታ አየር ሊቋቋመው አይችልም።

ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለየው በዋናነት በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ብቻ ከ16 እስከ 18 ጊዜ ያህል ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። ሁለተኛውና ለዛሬው ርዕሳችን ይበልጥ የሚጠቅመን፣ ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በአየር ሳይሆን በነዳጅ መጠን ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫ የአየር በር ይከፍታል፤ ነዳጁ አየሩን ተከትሎ ይገባል። የናፍጣ ሞተር ግን የቻለውን አየር ሁሉ ይስባል፤ ሾፌሩ በእግሩ የሚወስነው የሚረጨውን ናፍጣ ነው።

አንድ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በእውነተኛው ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣውና አየሩ ለመቀላቀል የሚያገኙት ጊዜ ከሴኮንድ መቶኛ ክፍልፋይ ያነሰ ነው፤ የናፍጣው ጠብታ መካከል ኦክስጅን ሳያገኝ በሙቀት ብቻ ይሰባበርና ሃይድሮጅኑ ተለይቶ ካርቦኑ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መሐንዲሶች ለአንድ ግራም ናፍጣ 18 ግራም ያህል አየር ካልተገኘ ተጨማሪ ናፍጣ እንዳይረጭ ገደብ ያበጃሉ። የጭስ ገደብ የሚባለው ይህ ነው። ጉልበት ለማብዛት የፈለገ ሰው ገደቡን በመጣስ ብቻ ለጊዜው ጉልበት ማግኘቱ የናፍጣ ሞተርን ለፈተና የተጋለጠ ያደርገዋል። በቤንዚን ሞተር ላይ እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም።

ትክክለኛው መንገድ ግን አየሩን ማብዛት ነው። ለዚህም ቱርቦ ተፈጠረ። አልፍሬድ ቢዩኪ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ ከአየር መጭመቂያ ጋር ስለተያያዘ ንጹሕ አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ይነፋል። ቱርቦ የተገጠመለት የመጀመሪያው የናፍጣ የቤት አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ባለ አምስት ሲሊንደር መርሴዲስ 300 ኤስዲ ነበር። ከዚያ በፊት ናፍጣና ቅንጦት በአንድ ላይ የሚነሡ ቃላት አልነበሩም፤ ናፍጣ የታክሲና የጭነት መኪና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ናፍጣውን ከ1300 ባር በላይ በሆነ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ አጠራቅሞ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ በየሲሊንደሩ የሚረጨው ሥርዓት በአልፋ ሮሜዮና በመርሴዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ሲጀመር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በቀጣዩ ዓመት ቢኤምደብሊው በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ፣ ሦስት ሊትር የሚጠጋ፣ 184 ፈረስ ጉልበት ያለውን 530ዲ አወጣ። በደቡብ ጀርመን ቡክሎ በምትባል ከተማ የቢኤምደብሊው መኪናዎችን በማጎልበት የታወቀው አልፒና ይህንኑ ሞተር ወስዶ ዲ10 ባይቱርቦ የተባለውን አውቶሞቢል ሠራ። ጉልበቱ ወደ 245 ፈረስ ጉልበት፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ወደ 500 ኒውተን ሜትር ከፍ አለ። ልብ ልንለው የሚገባን የተከተሉትን ቅደም ተከተል ነው። የናፍጣውን መጠን ከማብዛታቸው በፊት በአንዱ ቱርቦ ፈንታ ሁለት ቱርቦ ገጠሙለት። ይኸው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው ዲ5 ኤስ ሦስት ቱርቦዎች ተገጥመውለት፣ እንደ ቀዳሚው ሦስት ሊትር ከሆነ ሞተር 388 ፈረስ ጉልበትና 800 ኒውተን ሜትር ያወጣል። በተመሳሳይ መጠን ሞተር ውስጥ ጉልበቱ ከፋብሪካው 530ዲ በእጥፍ ያደገው አየር በመጨመሩ ነው፤ ናፍጣው አየሩን ተከትሎ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዳገታችን እንመለስ። ቱርቦ በከፍታ ላይ ለሚሠራ ሞተር ትልቅ ጸጋ መሆኑ አያጠራጥርም። ቱርቦ የሌለው 100 ፈረስ ጉልበት ያለው የጭነት መኪና ሰበታ ላይ ሲደርስ በ75 ፈረስ ጉልበት የሚሠራ ያህል ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 8 ቶን የሆነ እንዲህ ያለ መኪና 8 በመቶ ያጋደለ ዳገትን በባሕር ወለል አየር በሰዓት በ42 ኪሎ ሜትር ሊወጣው ሲችል፣ በእኛ አየር ወደ 32 ይወርዳል፤ ለዚያውም የጎማና የነፋስ ሰበቃን ሳንቆጥር። ባለቱርቦው ግን የጎደለውን አየር በብዛት መጭመቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም። በባሕር ወለል ላይ የተነደፈ ቱርቦ አየሩን ወደ 2.2 ባር ፍጹም ግፊት ያደርሰዋል እንበል። ከ1 ባር ተነሥቶ 2.2 ለመድረስ 2.2 ጊዜ መጭመቅ ይበቃዋል። ከአዲስ አበባው 0.76 ባር ተነሥቶ እዚያው ለመድረስ ግን 2.9 ጊዜ፣ ከእንጦጦ 0.70 ባር ደግሞ 3.1 ጊዜ መጭመቅ አለበት። ለዚህም የቱርቦው ዘንግ ይበልጥ ፈጥኖ መሽከርከር ይኖርበታል። በአውቶሞቢል ላይ የሚገጠሙ ትናንሽ ቱርቦዎች በተለመደው ሥራቸው እንኳ በደቂቃ ከ150,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከሩ መሆናቸውን ስናስብ፣ የዘንጉ ማረፊያና የተርባይኑ ምላሾች ምን ያህል ጫፍ ላይ እንደቆሙ እንረዳለን። አየርን መጭመቅ ደግሞ ያሞቀዋል። የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ 20 ዲግሪ የነበረው አየር 2.2 ጊዜ ሲጨመቅ ወደ 126 ዲግሪ፣ 2.9 ጊዜ ሲጨመቅ ወደ 169 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የሞቀ አየር እፍጋቱ ዝቅተኛ ነውና በመኪናው ግንባር ላይ ያለው አየር ማቀዝቀዣ፣ ማለትም ኢንተርኩለሩ፣ ሥራው ይበዛበታል፤ እርሱም በበኩሉ የሚቀዘቅዘው በሳሳው አየር ነው!

የፋብሪካው ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ያውቃል። የከባቢ አየር ግፊትን የሚለካ መሣሪያ ስላለው መኪናው ሱሉልታ ሲደርስ የቱርቦውን ፍጥነት ይገታል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር መዝኖም ናፍጣውን ይቀንሳል። ሾፌሩ «መኪናዬ ዳገት ላይ ፈዘዘብኝ» ሲል ኮምፒውተሩ ሞተሩን እየጠበቀለት ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ማጎልበት ሥራ የሚወስደውም ይኸው ቅሬታ መሆኑ ያስገርማል።

ማጎልበቱ በተለምዶ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይከናወናል። አንደኛው በናፍጣው ቱቦ ግፊት መለኪያና በኮምፒውተሩ መካከል አንዲት ትንሽ ሳጥን መሰካት ነው። ሳጥኗ ውሸታም ናት። ግፊቱ 1300 ባር ሲሆን 1000 ነው ብላ ለኮምፒውተሩ ታቀብላለች፤ ኮምፒውተሩም ግፊቱ የወረደ መስሎት ይጨምራል። ከጠባብ ቀዳዳ የሚወጣ ፈሳሽ መጠን ከግፊቱ ዳግም ዘር ጋር አብሮ የሚያድግ በመሆኑ ግፊቱ በ30 በመቶ ሲጨምር ናፍጣው በ14 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው መንገድ በኮምፒውተሩ ትውስታ ውስጥ የተጻፈውን የቁጥር ሰንጠረዥ አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ይህ በብልሃት ከተሠራ ንጹሕ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ አልፒና ያደረገውም ከመካኒኩ ሥራ ጋር ይህንኑ ነው። ችግሩ የሚመጣው በባሕር ወለል አጠገብ ላለ አገር የተዘጋጀ፣ የጭስ ገደቡም የተነሣለት ሰንጠረዥ ተቀድቶ በእኛ ከፍታ በሚነዳ መኪና ላይ ሲጫን ነው።

ችግሩን በቁጥር እንየው። ሦስት ሊትርና ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደሩ ግማሽ ሊትር ይይዛል። በ2.2 ባር ግፊትና በ50 ዲግሪ ሙቀት የገባው አየር 1.19 ግራም ይመዝናል። በ18 ስናካፍለው 66 ሚሊግራም ናፍጣ ያለ ጭስ ሊቃጠል ይችላል ማለት ነው። አጎልባቹ ይህን ወደ 75 ሚሊግራም ከፍ አደረገው እንበል። በባሕር ወለል ላይ ለአንድ ግራም ናፍጣ 15.9 ግራም አየር ይደርሳል፤ ይጨሳል፣ ግን ይቃጠላል። አሁን መኪናው አዲስ አበባ ነው፤ ቱርቦውም ከአካባቢው አየር በላይ የሚጨምረው እንደ ቀድሞው 1.2 ባር ብቻ ነው። አየሩ ወደ 1.06 ግራም ይወርዳል። 75 ሚሊግራሙ ግን አልተቀነሰም፤ ድርሻው 14.1 ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ እንኳ ለሙሉ ቃጠሎ ከሚያስፈልገው 14.5 በታች ነው። በእንጦጦ ጫፍ ወደ 13.7 ይወርዳል። የተረፈው ናፍጣ የትም አይሄድም፤ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ ወይም ዘግይቶ እየተቃጠለ የጭሱን ሙቀት ከፍ አድርጎ ተርባይኑን ይጠብሰዋል። የፋብሪካው ገደብ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ኮምፒውተሩ በአዲስ አበባ ናፍጣውን ወደ 59 ሚሊግራም ያወርደው ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ልፋት ለዳገቱ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። 1800 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል 8 በመቶ ያጋደለ ዳገትን በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ክብደቱን ለማንሣት የሚያስፈልገው 32 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። የነፋሱንና የጎማውን ብንጨምርበት እንኳ ከፋብሪካ የወጣው 184 ፈረስ ጉልበት ከበቂ በላይ ነው። የተቀረው ለመቅደም ነው፤ የሱሉልታ መንገድ ጥምዝምዝ ደግሞ ለመቅደም የሚጋብዝ አይመስለንም።

የናፍጣ ጥላሸት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሯቸውም፤ እስከ ሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች ይዘልቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ መዝግቦታል። አሁን በሱሉልታ ሜዳ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡትን አትሌቶች እናስብ። ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ መም ያሠራው በዚህች ከተማ ነው፤ ብዙ ወጣቶችም ሳሳ ባለው አየር ደማቸውን ለማጎልበት ወደዚህ ይመጣሉ። ሰውነታቸው በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ የኦክስጅን እጥረቱን ይካካሳል፤ ሞተር ይህን ማድረግ አይችልም። በእረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ሲተነፍስ፣ በኃይል የሚሮጥ አትሌት ከ100 ሊትር በላይ ይተነፍሳል። በመንገዱ ዳር አንድ ሰው የለቀቀውን ጥላሸት አትሌቱ በእረፍት ላይ ካለ ሰው ከአሥር እጥፍ በላይ ወደ ሳንባው ይስበዋል ማለት ነው።

ጭስ ሁሉ ግን የማጎልበት ውጤት እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሱሉልታ መኪኖች ጠዋት ሲነሡ የሚያወጡት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሰማያዊው የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ጥቁሩ ጭስ የአየር እጥረት ምልክት ነው፤ መንሥኤውም የተዘጋ አየር ማጣሪያ፣ ያረጀ ኖዝል ወይም የተሰነጠቀ የቱርቦ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ጉልበት ቀነሰ ብሎ ኮምፒውተሩን ከማስነካካት በፊት እነዚህን ማስመርመር ርካሽም ጠቃሚም ነው። ሞተሩ ቀድሞውኑ የተነካካ መኪና ያለው ሰው ቢያንስ ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ሞተሩን ወዲያው ባያጠፋው መልካም ነው፤ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው ዘይት መዘዋወሩን ሲያቆም በጋለው ተርባይን አጠገብ የቀረው ዘይት ከስሎ ይደርቃልና።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ውሳኔውን ይፋ አድርጓል። በመሆኑም ስለ ናፍጣ የቤት መኪና ማውራት ያረጀ ወሬ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ተቃራኒውን እናስባለን። አስቀድመው የገቡት መኪኖች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ በአዲስ የሚተካቸው ባለመኖሩ እየተጠገኑና እየተነካኩ ለብዙ ዓመታት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች ላይ ይኖራሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና በምጽዋ የነበረው 32 ፈረስ ጉልበት በእንጦጦም ያው 32 ነው። የሱሉልታ ውርጭ በባትሪው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ በሌላ እትም እንመለስበታለን።